የሐይቁ አረንጓዴና የጋሼ ላሞች

ማለዳ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ግቢ ብቅ ያለችው እታለም፣ የልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ የታሰረች ላም አገኘች። ላም ከተማ መሃል፣ ያውም ሲሚንቶ በለበሰና ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ በሚጋጭበት ግቢ ምን ትሠራለች ብትሉ፣ እታለምም ያለችው ይህንኑ ነው። ላሟ በበኩሏ እንግድነት አልተሰማትም። የእታለምን ባል የሥራ ሸሚዝ ከገመዱ ላይ ስባ አውርዳ እጅጌውን ታላምጣለች። አማቷ ሹራባቸውን ደርበው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ደረጃው ላይ ቆመዋል። እሳቸው ሲናደዱ አይጮኹም፤ ክፋቱ ይሄ ነው። «የናንተ ቤት ሰው ነው ያመጣት» አሉ፣ ላሟን በአገጫቸው እያመለከቱ። ከዚያ ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እዚያ ቤት ውስጥ ቀስ ተደርጎ የተዘጋ በር ከስድብ ይብሳል።

እታለም የመዝገብ ስሟ አይደለም። የባሏ ታናሽ እህት፣ ሚጡ የሚሏት፣ ገና ልጅ ሳለች «እታለም» ብላ ጀመረቻት፤ ቤተሰቡ ተከተለ። ኋላ ሚጡ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ፈትታ ቤት ውስጥ ስትንከላወስ ኖራ፣ በመጨረሻ እታለም በምትመራው የውሃ ቤተ ሙከራ በጊዜያዊነት ስትቀጠር ስሙንም ይዛው ሄደች። ይኸው ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር እታለም ነው የሚላት።

ላሟን ያመጣት የእታለም ታላቅ ወንድም ነው። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ እኛም ጋሼ እንበለው። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ያጠብቃል።

«እስከ ማታ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ሌሎቹን ሸጥኳቸው። ይቺ አርጅታለች፤ ከሥጋ ቤት በቀር የሚጠይቃት የለም። ለሥጋ ቤት ደግሞ እጄ እሺ አላለኝም።»

«ምናለ ማታ ደውለህ ብትነግረኝ፣ ጋሼ?»

«ምን ብዬ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከተማው ውሃ በሚጠጣበት ሐይቅ ዳር ላም እያረባ ወተት ሲሸጥ ኖሯል። በዚህ ዓመት ሙቀቱ ሲጠና ሐይቁ አረንጓዴ ለበሰ፤ የቧንቧው ውሃም መሽተት ጀመረ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ከጋሼ በረት ፊት ለፊት ውሃ አስቀድቶ አስመረመረ። ውሃው ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ያውም ሕይወት ካለው ነገር የሚወጣው ዓይነት፣ ከተለመደው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሕይወት ካለው ነገር ከሆነ እንግዲህ ከማን ሊመጣ ነው? እዚያ ያሉት ላሞች ናቸው። ፍግ ነው ተባለ። የጋሼ በረት እስከ ዛሬ ማታ እንዲፈርስ፣ ከሱ ወዲያ ያሉት ሁለት ባለበረቶችም እንዲከተሉ ተወሰነ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ውጤት ሥር የፈረመችው ደግሞ እታለም ናት። ከውሳኔው በኋላ ጋሼ አንድ ቀን እቤቷ መጥቶ ሻይ ጠጥቷል። ስለ ጣሪያው ማፍሰስ፣ ስለ አውቶቡስ ዋጋ መጨመር፣ ስለ ባሏ የወገብ ሕመም አውርቶ ሄደ። ስለ ላሞቹ ትንፍሽ አላለም፤ እሷም አላነሳችበትም። ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተለያዩ።

መሥሪያ ቤት ግን ያ ፊርማ ትልቅ ስም አውጥቶላት ነበር። «በገዛ ወንድሟ ላይ ፈረመች እኮ» ይባባላሉ ሰዎቹ፣ ኮሪደር ላይ ስታልፍ መንገድ እየለቀቁ። እታለም አልሰማሁም እንዳትል ሰምታለች፤ ደስ አላላትም እንዳንል ደግሞ ደስ ብሏታል። እሷ ከሁሉ የምትፈራው ለዘመዷ ታዳላለች መባልን ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ወጣ ያለ ቁጥር ሲመጣላት በወረቀቱ ጥግ «ይደገም» ብላ ትመልሰዋለች፤ ሠራተኞቹም በዚህ አመሏ ይቀልዱባታል። የወንድሟን ግን ዓይኗን ሳታሽ ፈረመች። ይደገም ብትል ለወንድሟ ቀዳዳ እየፈለገች ነው ይሉኛል ብላ ሰጋች። ለማያውቁት ሰው የምታደርገውን ለወንድሟ ነፈገችው፤ ይህንን ደግሞ ቅንነት ብላ ጠራችው።

ያን ዕለት ለላሟ ባልዲ ውሃ አቅርባ፣ የተላመጠውን ሸሚዝ ደብቃ፣ አማቷን በተዘጋ በር ደህና ዋሉ ብላ ስትወጣ ጫማዋ ምን እንደረገጠ አላየችም። አውቶቡስ ውስጥ ነው የታወቀው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ያዘች፤ ከኋላ ያለው ሽማግሌ መስኮት ከፈተ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ወንበር ሥር ማየት ጀመረ። እታለምም ምን ይዋጣት፣ አብራ ጎንበስ ብላ ወንበር ሥር ፈለገች። «ምን ዓይነት ሰው ነው ባካችሁ» አለች ደግሞ፣ ጭራሽ ይባስ ብላ። መውረጃዋ እስኪደርስ ቀና አላለችም።

መሥሪያ ቤት እንደገባች በቀጥታ ያመራችው ወደ ጓዳ ነው። ጓዳ የሚሉት ከዋናው ክፍል ጀርባ ያለችውን፣ የሐይቁ ውሃ ከመመርመሩ በፊት የሚጠልልባትን ጠባብ ክፍል ነው፤ ሰፊ መታጠቢያ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጫማዋን አውልቃ በአንድ እግሯ ቆማ ስታጥብ ሚጡ ሥራዋን ጀምራለች። የማጥለል ሥራ ቀላል ነው። የመስታወት ዕቃ አለ፤ ላዩ ላይ ቀጭን ወረቀት ይነጠፋል፤ ውሃው ከላይ ይፈስሳል፤ ከሥር ፓምፕ ይስበዋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ሐይቁ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ አረንጓዴው አልጌ፣ ባክቴሪያው፣ ዓይን የማያየው ሁሉ። ወደ ታች የሚወርደው የሟሟው ነው፤ የሚለካውም እሱ። ፓምፑ ዛሬ እንደተበሳጨ ተርብ ይጮኻል። እታለም ከድምፁ የተነሳ ዞር ስትል የመሳቢያ ኃይሉን የሚያሳየው መርፌ ጥጉ ላይ ተለጥፎ አየችው። የረጠበ ጫማዋን እንደያዘች ቀረች።

«ሁልጊዜ እስከዚህ ድረስ ነው የምትከፍችው?»

«አዎ» አለች ሚጡ። «አረንጓዴው ወረቀቱን ይደፍነዋል እኮ። ካልከፈትኩት አንዷ ጠርሙስ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። አንቺ ደግሞ ቶሎ በይ ትያለሽ።»

«የጋሼ በረት ፊት ለፊት የተቀዳውንም?»

ሚጡ ትንሽ አሰበች። «ያን ቀንማ አረንጓዴው ከሁሉም ይብስ ነበር» አለች።

እታለም የረጠበ ጫማዋን አጠለቀች። እነዚያ አረንጓዴዎች ገላቸው ስስ ነው። በኃይል ሲሳቡ ወረቀቱ ላይ ይፈነዳሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ የያዙት ናይትሮጅን ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርድና ሐይቁ ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ይመስላል። ለዚህ ነው ቀስ ተብሎ፣ መርፌው ገና ከመነሻው ፈቀቅ ሲል ማጥለል የሚገባው። ይህን የማጥለል ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል። ለሚጡ ማን ነገራት? እታለም ከሚጡ ጎን ቆማ ማስተማር ነበረባት፤ ዘመዷን ታቅፋለች እንዳይሏት ግን ሊለቅ ዕቃውን እየሰበሰበ ለነበረ ሠራተኛ «እስቲ አሳያት» ብላ ጥላት ነበር። እሱም እያዛጋ አሳያት።

እታለም የቤተ ሙከራ ነጭ ካፖርቷን ለበሰችና በር ዘጋች። ያን ጠዋት ከዚያው ከጋሼ በረት ፊት ለፊት የመጣውን ጠርሙስ አንስታ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ሚጡ እንደለመደችው አጠለለችው፤ ወዲያው አለቀ። ግማሹን እታለም ራሷ ፓምፑን ልክ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ አድርጋ ያዘችው። ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሚጡ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነገሩ ገና ሳይነገራት እየገባት፣ ጥፍሯን ትበላለች። ጠብታው መሃል ላይ ስልክ ጮኸ፤ አማቷ ናቸው። «ላምሽ ትጮኻለች» አሉ። «የጎመን ቅጠል ሰጠኋት፣ በላች። ድንች ትበላለች?» እታለም ትበላለች አለች። «በይ እሺ» ብለው ዘጉ። ሌላ ቀን ቢሆን ይሄ ለአንድ ሳምንት የሚያስቅ ወሬ ነበር።

የጠለሉት ሁለቱ ውሃዎች በኬሚካል ተቀቅለው፣ ቀለማቸው በመሣሪያው ተነቦ ሲያልቅ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። በኃይል የተሳበው ያኔ በጋሼ ላይ ያስፈረደውን ቁጥር ያህል አሳየ። ቀስ ብሎ የጠለለው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ከሌላው ዓመት ከፍ ቢል ትንሽ ነው። ያቺ ትንሽ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለችም። እነዚያው ረቂቅ ፍጥረቶች ሲኖሩ፣ ሲሞቱ፣ ሲበላሉ ከገላቸው የሚያፈስሱት ነው፤ አንዳንዶቹ ናይትሮጅኑን ከአየር ራሱ ስበው ውሃው ውስጥ ይጨምሩታል። እታለም የድሮውን ውጤትም አውጥታ አየችው። አሞኒያው ዝቅተኛ ነበር። የከብት ሽንት ቢሆን እሱም አብሮ መናር ነበረበት። ቁጥሩ ያኔም እዚያው፣ ከፊርማዋ በላይ፣ አፍጦ ነበር፤ እሷ ናት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችው። ሁለቱን አዲስ ቁጥሮች በወረቀት አሰፈረችና ተነሳች። ያፈረችው በሚጡ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ታናሿ ነው፤ አንተ አንቺ ይባባላሉ። ነገሩን ሁሉ አዳመጣትና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስትፈርሚ ሁላችንም ነው ያደነቅንሽ» አላት። «ዛሬ፣ በረቱ በሚፈርስበት ቀን፣ ተሳስተናል ብለሽ ስትመጪ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ወንድሟን ለማዳን ውጤት ለወጠች ይላል።»

«ታዲያስ?»

«ይበላ።»

ሥራ አስኪያጁ የሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ገለባበጠ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ጣጣ የማይወድ ሰው ነው። «ማን ነው ያጠለለው?» አለ።

«በኔ ክፍል ነው የተሠራው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ሚጡ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ እታለም ናት አብረን እንግባ ያለቻት። እታለም ራሴ ነኝ ያጠለልኩት ብትል፣ ማንም አይጠራጠራትም ነበር። ሐሳቡም መጥቶባታል። ግን የዛሬውን ጣጣ ያመጣው ለሰው ዓይን ሲባል የተሠራ ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ በሌላ ውሸት ልትጀምር ነው? «ሚጡ ናት» አለች። «ያላስተማርኳት ግን እኔ ነኝ። ቁጥሩ ሲመጣም ሳልደግም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም አድርገህ ጻፈው።» ሥራ አስኪያጁ ጻፈው። የእታለም ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንደሚደርሳት፣ የሚጡ ውል መታደስ አለመታደሱ ወደፊት እንደሚታይ፣ ውሳኔውም እስኪጣራ እንዲቆም ነገ ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ ተናገረ። ይህን ሁሉ የተናገረው የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሚጡ ካፖርቷን አውልቃ በጥንቃቄ አጣጠፈችው። «አላስተማርሽኝም እኮ፣ እታለም» አለች።

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ ጓዳ ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ አላልሽኝም። እዚህ ስታዪኝ እንደማታውቂኝ ነበር የምትሆኚው። እኔ ደግሞ ስሠራ ፈጣን ናት እንድትይኝ ነበር።»

እታለም ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ሚጡ ፈቀቅ አለች። የማይተዋወቁ ይመስል በየፊናቸው ወጡ።

የጋሼ ስልክ አይነሳም። ደጋግማ ሞከረች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሐይቁ ዳር የሚያደርሰውን አውቶቡስ ይዛ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚልካቸው አፍራሾች እንዲዘገዩ። ሰው በዓመት አንዴ እንኳ ቢሮ ቢዘገይልኝ ብሎ ይለምናል? እታለም ለመነች። እዚያ ስትደርስ አፍራሾች የሉም፤ መጥተውም አያውቁም። በረቱ ግን የለም። ቋሚዎቹ ተነቅለው በአንድ በኩል ተጋድመዋል፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ተደራርቦ፣ ምስማሩ እንኳ በጣሳ ተለቅሞ ተቀምጧል። መሬቱ ተጠርጓል። ጋሼ የቆርቆሮው ክምር ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ምስማር ወግቶታል።

ከሐይቁ ጠርዝ አጠገብ ጀልባ የሚጠግን ጎረቤት ነበር፤ ለእታለም ወሬውን ያቀበላት እሱ ነው፣ ገና ወደ ወንድሟ ሳትደርስ። «ይግባኝ በል ብለን ስንት ለመንነው» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነዚያ ሁለቱ ይግባኝ ብለው ላሞቻቸው እንዳሉ ናቸው፤ ይታይላችኋል ተብለዋል። የአንቺ ወንድም በጀ አላለም። እህቴ ናት የለካችው፣ እህቴ አትሳሳትም አለን። ሰው መጥቶ ሲያፈርስብኝ እሷ ታፍራለች ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ራሱ ሲያፈርስ ዋለ።»

እታለም ሄዳ ከወንድሟ ጎን፣ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠች። የምትለውን አውቶቡስ ውስጥ ስታሰናዳ መጥታለች፤ አሁን አንዱም አልመጣላትም። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

ነገረችው። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለሚፈነዱት አረንጓዴዎች። ናይትሮጅኑ ከላሞቹ እንዳልመጣ፣ ሐይቁ ውስጥ ከሚኖሩት ከነዚያው ከማይታዩት እንደመጣ፣ እሱንም ያበዛው የሷ ክፍል የገዛ እጁ እንደሆነ። ሚጡ እንዳጠለለችው ነገረችው፤ አላስተማርኳትም አለችው። ሳትደግመው የፈረመችው ለሱ አደላች እንዳትባል እንደሆነም ነገረችው፤ ይሄኛው ከሁሉም ከብዷት፣ ስትናገረው ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ጋሼ ጨርቁን ጠቅልሎ ጨረሰ፣ በጥርሱ ስቦ አሰረው።

«ለማን ነገርሽ?» አላት።

«ለሥራ አስኪያጁ። ነገ ይለጠፋል።»

«እንዳይለጠፍ ማድረግ አትችይም?»

እታለም የሰማችውን ማመን አቃታት። «ለምን?»

«ላሞቹ እንደሆኑ ሄደዋል» አለ ጋሼ። «የገዛቸው ሰው አገሩ ሩቅ ነው፤ አይመልስልኝም፤ እኔም አልጠይቀውም። ሰፈሩን ሁሉ ግን እህቴ አትሳሳትም ብዬ ነው አፉን ያስያዝኩት። ሲስቁብኝ እሱን ብዬ ነው የተኛሁት። እሱ እንኳ ይትረፈኝ፣ እታለም።» እንባው አልመጣም፤ የእሷ ነው የመጣው። አፍንጫዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች፤ ከነካፖርቷ መውጣቷን ያስተዋለችው ያኔ ነው።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች። «ካልተለጠፈ የሁለቱን ሰዎች በረት ያፈርሱታል። በዚያው በኔ ቁጥር።»

ጋሼ ወደ ሁለቱ በረቶች አየ። ከባለቤቶቹ አንዱ፣ አንድ ወፍራም ሰው፣ አንዲት ጊደር እየጎተተ ወደ መንገዱ ሊወጣ ነበር፤ ይግባኙን ቢያስገባም ልቡ ስላልረጋ ሊሸጣት መሆኑ ያስታውቃል። ከሩቅ ሆኖ ጋሼንና እታለምን አየና ቆመ። «ምን ተባለ?» ብሎ ተጣራ። «እህትህ ምን አለች?»

እታለም ራሷ ልትመልስ ከንፈሯን ስታላቅቅ ጋሼ ባልታሰረው እጁ ጉልበቷን ተጭኖ ዝም አሰኛት። ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ ተሳስታለች» አለ፣ ሐይቁ ዳር ላለ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ጊደርህን መልሳት፣ አትሽጣት።»

ሰውየው ያልሰማ ይመስል ባለበት ቀረ። ጀልባ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀመጠ። ጋሼ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ «ተሳስታለች አልኩህ» አለና ተመልሶ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ።